ጋሽ ደምሴ ጊታር ሲመርጡ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የነገረኝ የድሮ የሐረር ወዳጄ ሰለሞን ነው። አዳማ፣ የተማሪ ደብተር ታቅፌ ከክፍል ስወጣ ደወለ። «ጋሽ ደምሴ እኮ አረፉ» አለኝ። ነፍስ ይማር አልኩ። መቼ ነው፣ ምን አግኝቷቸው ነው፣ ባለቤታቸው እንዴት ሆኑ እያልኩ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቅኩ። ስልኩን ዘግቼ ከዛፉ ሥር ቁጭ ስል ግን እንባዬን ስጠብቅ የመጣብኝ ንዴት ነው። ያ የድሮው ንዴት። ሰውየው ሞተው እንኳ ደሜን ያፈሉታል።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉ ይወራል፤ አውቃለሁ። ጋሽ ደምሴን በደግ ደጉ ብቻ ባወራቸው ግን የሚያውቃቸው ሁሉ «የትኛውን ደምሴ ነው የምትይው?» ይለኛል። ደግ ነበሩ። ከደግነታቸው ጋር ደግሞ አንጀት ያሳርሩ ነበር።

የተዋወቅነው ሐረር ውስጥ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የሄድኩ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፤ እሳቸው የአማርኛ። አያታቸው ከሸዋ መጥተው ከከተማው ግንብ ውጭ የሰፈሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ግን ሐረሬነታቸውን በአፋቸው ይዘውት ነበር፤ «አቦ» ሳይሉ ዐረፍተ ነገር አይዘጉም። ቅኔ ሲያስተምሩ እንኳ «አቦ ሰሙን ተዉትና ወርቁን ስጡኝ!» ሲሉ ድምፃቸው እኔ ክፍል ድረስ ይመጣል። እኔ «እርስዎ» ስላቸው ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። «አቦ እርስዎ አትበይኝ፣ ሳላረጅ ታስረጂኛለሽ» ይላሉ። የደብረ ብርሃን ልጅ አፍ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይፈታም።

በደርግ ጊዜ በከተማው ኪነት ቡድን ውስጥ ባስ ጊታር ይጫወቱ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፤ መሣሪያውም መጋዘን ተቆለፈበት። ከዚያ በኋላ የቀራቸው እጃቸው ብቻ ነው። አስተማሪዎች ክፍል ተቀምጠው ስብሰባ ሲሰሙ አውራ ጣታቸው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይመታል፤ ርዕሰ መምህሩ ንግግሩን ሳያውቀው በዚያ ምት መናገር ይጀምራል። «ሰርግ ላይ ሰው የሚያየው ዘፋኙን ነው፤ እግሩን የሚያነሳው ግን ባሱ ነው» ይሉኝ ነበር። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ አሮጌ የእንጨት ጊታር ነበረው። በሱ ወፍራም ወፍራም ክሮች ላይ ዓመት ሙሉ አስተማሩኝ። በማስተማሩ እንከን የላቸውም፤ ታጋሽ ነበሩ፣ ጣቴ ሲሳሳት አይቆጡም።

ሰለሞን የሰርግ ባንድ ነበረው። የባሱ ተጫዋች ወደ አዲስ አበባ ሄደበትና ቦታው ክፍት ሆነ። ያን ሰሞን ደግሞ ኪቦርድ የሚባለው ነገር ባንዱን ሁሉ እያጠፋ የመጣበት ጊዜ ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በቀኝ እጁ ዜማውን፣ በግራ እጁ ባሱን ይጫወታል። ሰለሞን አላታለለኝም። «ስሚ፣ ጊታር የራስሽ ይሁን። ለጥር ሰርጎች ከደረስሽ ቦታው ያንቺ ነው። ካልደረስሽ ኪቦርዱ ይሸፍነዋል፤ አንዴ በኪቦርድ ከለመድን ደግሞ ባስ የሚባል ሰው ድጋሚ አንፈልግም» አለኝ። ጊዜው ኅዳር ነበር።

ያን ቦታ እንዴት እንደፈለግኩት አልነግራችሁም፤ ወይም ልንገራችሁ። ዘመድ በሌለበት ከተማ ቀን ስለ ግፊትና ስለ ፍጥነት ሳስተምር ውዬ የተከራየኋት ክፍል ስገባ የሚጠብቀኝ ግድግዳ ነበር። ሴት ባስ ስትጫወት ሐረር አይቶ አያውቅም፤ መጀመሪያዋ መሆን አማረኝ። ገንዘቡን አጠራቅሜያለሁ። የቀረኝ ጊታር መርጦ መግዛት ነው። ጋሽ ደምሴ እንዲያግዙኝ ለመንኳቸው፤ ደስታቸውን አልችል አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው ፍዳዬን ያየሁት።

ፈረስ መጋላ ላይ አብዱልማሊክ የሚባል ሬዲዮና ቴፕ የሚሸጥ፣ የሚጠግንም ሰው ነበር። ጅጅጋ ካሉ ነጋዴዎች አልፎ አልፎ ጊታር ይመጣለታል። የመጀመሪያው ጥቁር ነበር፤ የሚያብረቀርቅ፣ ሲያዩት ልብ የሚያጠፋ። አንስቼ አቀፍኩት። «ይሄን ነው» አልኩ። ጋሽ ደምሴ ማንጠልጠያውን ግራ ትከሻዬ ላይ አስተካከሉና «በይ ውረጂ» አሉኝ።

«ወዴት?»

«በመኪና ግርግር። እስከ ታች ደርሰሽ ትመለሻለሽ።»

መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መተላለፊያ ነው፤ በግራ በቀኝ የሲንጀር መኪናቸውን በሚያንቀጫቅጩ ሰዎች የተሞላ ጠባብ መንገድ። የቀልድ መስሎኝ ነበር። «ክብደት በሚዛን አይታወቅም፤ ሚዛን አይደክመውም» አሉኝ። አብዱልማሊክ የጋሽ ደምሴን ነገር ስለሚያውቅ እጁን አወናጭፎ «ሂጂ በቃ!» አለኝ። እኔ ጊታር አንግቤ ከፊት፣ እሳቸው እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣጥፈው ከኋላዬ ወረድን።

ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቆሙ። «ማሻአላህ! ሙሽራዋ ራሷ ልትዘፍን ነው?» አለ አንዱ። «ዋሪያ፣ የማን ሰርግ ነው? እኛ ሳንጠራ?» አለ ሌላው። ላብ በላብ ሆኜ ሽቅብ ተመልሼ ስደርስ ጋሽ ደምሴ ትከሻዬን አተኩረው አዩት።

«ምን ተሰማሽ?»

«ምንም!»

«ግራሽ ወርዷል። ከኋላ ሆኜ አይቻለሁ።»

ከባድ እንጨት ድምፁን ቶሎ አይለቀውም፤ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። እሱን አነሳሁባቸው። «ልክ ነው፣ ድምፁ ይቆያል» አሉኝ፤ «አንቺ ግን አትቆዪም። ሰርግ ላይ ወንበር የለም አቦ!» ጥቁሩ ጊታር ተመልሶ ተሰቀለ። እሺ አልኩ፤ እውነት አላቸውና።

ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ፤ ቀይ ነው፤ ትከሻ ላይ እንደ ነጠላ ነው የሚቀመጠው። ያለ ምንም ችግር መኪና ግርግርን ወርጄ ወጣሁ፤ ልብስ ሰፊዎቹም ለምደውኝ «ዛሬስ ቀለለሽ» አሉኝ። ድሉ የኔ መሰለኝ። ጋሽ ደምሴ «ግራ እጅሽን ልቀቂው» አሉኝ። ለቀቅኩት። የጊታሩ ራስ ወደ መሬት ቁልቁል ወረደ።

«አያችሁ? ይሄ ጊታር ይሰግዳል!» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ከሰገደማ ምን ቸገረሽ፣ ግዢው!» አለኝ አብዱልማሊክ እየሳቀ።

ነገሩን ተረድቻለሁ፤ ፊዚክስ ነው። አካሉ ቀሎ ራሱ ከከበደ ሲጫወቱ ግራ እጅ ክሩን መጫን ትቶ ራሱን ሲደግፍ ይውላል። ግን መፍትሔ አለው፤ ሰፊና ሸካራ የቆዳ ማንጠልጠያ ቢገባለት ልብስ ላይ ይይዛል፣ አይንሸራተትም። ይህን አስረድቼ ልባቸው ሊሸነፍ ሲል ጠመንጃ መፍቻ አምጣ ብለው የጀርባውን ክዳን ፈቱት። ውስጡ ባለ አራት ማዕዘን ትንሽ ባትሪ አለ። ጊንጥ ያገኙ ነው የሚመስሉት።

«ጊታር ነው ሬዲዮ?»

«ጋሽ ደምሴ፣ ውስጡ ትንሽ ማጉያ ስላለው ነው። ድምፁን ያጠራዋል፣ ቀጭኑንና ወፍራሙን ለየብቻ ለማስተካከል ይመቻል። የሚበላው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው፤ አንድ ባትሪ ወራት ይቆያል።»

«ድሬ ጠያራ ላይ ያልቆየውን!» አሉና ታሪኩን ጀመሩ። ኪነቱ ከተበተነ በኋላ አንድ ጊዜ ባትሪ ያለው ጊታር ተውሰው ድሬ ጠያራ የገበሬ ሰርግ ሄደዋል። ጄኔሬተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ልክ ሙሽሮቹ ሲገቡ ባሱ መጀመሪያ እንደታመመ ሰው አቃሰተ፤ ቀጥሎ ጭጭ አለ። ባላገሩ ጭፈራውን አቁሞ እሳቸውን አየ። እስከ ሰርጉ ፍጻሜ ድረስ ድምፅ የሌለው ጊታር እየመቱ ቆሙ። ታሪኩን ሲጨርሱ ፊታቸው ቀልቶ ነበር።

«ከሰርጉ በፊት ገመዱን ከጊታሩ ነቅለውት ነበር?» አልኳቸው።

«ለምን እነቅላለሁ? ከዋዜማው ሰክቼ አዘጋጅቼዋለሁ እንጂ።»

«ገመዱ ከተሰካ እኮ ባትሪው እየሠራ ነው! እርስዎ ነዎት የጨረሱት!»

«እኔ?» አሉ ተገርመው። «እኔ ስተኛ የማይተኛ ጊታር ነው እንጂ ያጠፋው!»

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይባላል? አብዱልማሊክ ሊገላግለን «ወላሂ አንድ ካርቶን ባትሪ እመርቅላታለሁ» አለ። ጋሽ ደምሴ ክዳኑን መልሰው ገጠሙና «ይቅር» አሉ። ጥር መጣ መጣ እያለ ነው። ሰለሞን ባገኘኝ ቁጥር «እህ?» ይለኛል፤ እኔ «እየመረጥን ነው» እላለሁ። ሲበዛብኝ ጊዜ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ በሌላው ነገር እንዲህ አለመሆናቸው ነው። ምሳ ቤት ስንገባ አስተናጋጇ ምን ይምጣ ስትላቸው «ያለውን» ይላሉ። የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲወጣ ሌላው አስተማሪ ይጣላል፤ እሳቸው የተረፈውን ይወስዳሉ። ሸሚዛቸውን ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ይገዙላቸዋል፤ ቀለሙን እንኳ ልብ አይሉትም። እንዲህ ያለ ሰው ምን ለክፎት ነው በኔ ጊታር ላይ ብቻ እንዲህ የሚሆነው እያልኩ ከራሴ ጋር ስነታረክ እውላለሁ።

ሦስተኛው ጊታር ቡናማ ነበር፤ ጥር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት መጣ። ክብደቱ መካከለኛ፤ ትከሻ አይቆርጥም፣ እጅ ሲለቀውም ራሱ ባለበት ይቆማል። ባትሪ የለውም። ስናበራው ግን ጥዝዝዝ የሚል ድምፅ ነበረው፤ ክሩን በእጄ ስነካው ይብሳል፣ ስለቀው ይቀንሳል። ጋሽ ደምሴ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «ቆዩ!» አልኳቸው። ከውስጥ አንድ የመሬት ሽቦ ተላቋል ማለት ነው። ከፈትኩት፤ እውነትም ተላቋል። የአብዱልማሊክን መበየጃ ተቀብዬ ራሴ በየድኩት። ጥዝታው ጠፋ። የቀረው ጥሩ፣ ወፍራም፣ ንጹሕ ድምፅ ነው። አብዱልማሊክ አጨበጨበ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ሰለሞን ደግሞ ሐሙስ ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል፤ የመጀመሪያው ሰርግ ቅዳሜ ነውና። ጋሽ ደምሴ ቡናማውን ተቀብለው አገላበጡት፤ ድምፅ ማስተካከያውን አዞሩት፣ መልሰው አዞሩት።

«ምን ጎደለው?» አልኩ።

«የጎደለው የለም።»

«ታዲያ እንግዛዋ!»

«አብዱልማሊክ፣ ቅዳሜ ሌላ ይመጣል አላልክም?»

«ኢንሻአላህ ይመጣል» አለ አብዱልማሊክ፤ ዓይኔን ላለማየት ወደ ሬዲዮዎቹ ዞረ።

ሱቁን ለቅቄ ወጣሁ። ተከትለውኝ ወጡ። ፈረስ መጋላ መሐል፣ ፔጆ ታክሲዎቹ እየተጣሩ፣ ሰው ግራና ቀኝ እየተጋፋ፣ ጮህኩባቸው። «የሚጫወተው እኔ ነኝ! የሚከፍለው እኔ ነኝ! ቦታው እያመለጠኝ ነው! ሐሙስ ነው ያለኝ፣ ሐሙስ! ምን አድርግ ነው የሚሉኝ?» እንዲያ ጮኼ በታላቅ ሰው ላይ ተናግሬ አላውቅም። አንድ የታክሲ ረዳት «አቦ ልጅቷን ምን አደረግካት ጋሼ?» አለ።

ጋሽ ደምሴ ከሱቁ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «የኪነቱን ባስ ማን እንደሰጠኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ፤ ማወቅም አልፈለግኩም።

«የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። እኔ ማሲንቆ ነበር የጠየቅኩት። ‹ባሱ ሰው የለውም፣ አንተ ያዝ› አለኝ፤ ያዝኩ። ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ሞላሁ፣ አማርኛ ደረሰህ አሉኝ፤ ተማርኩ። ዘውዴን አባቴ ነው ያጨልኝ። ደግ ሴት ናት፣ አልተጎዳሁም፤ ግን አልመረጥኳትም፤ እሷም አልመረጠችኝም። አሁን ጡረታ ልወጣ ነው። ሱቅ ገብቼ፣ ይሄ ይቅር፣ ያኛው ይምጣ፣ አይ ይሄም ይቅር ብዬ አላውቅም ነበር። እንዴት ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር አቦ።»

«ታዲያ በኔ ነው የሚማሩት?»

«በማን ልማር?» አሉኝ። ቀልድ አልነበረበትም፤ እውነታቸውን ነው የጠየቁኝ።

አዘንኩላቸው ብል እዋሻለሁ፤ ንዴቴ ይብሱን ነደደ። ይህን ኅዳር ላይ ቢነግሩኝ ኖሮ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። ቡናማውን ጊታር ልገዛ ወደ ሱቁ ሁለት እርምጃ ያህል ሄጄ ነበር። ዞር ስል ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። አልለመኑኝም። አንድ ቃል ለምነውኝ ቢሆን ኖሮ እገዛው ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ።

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አልኳቸው።

ሐሙስ ሰለሞንን አገኘሁትና ጊታር እንደሌለኝ ነገርኩት። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» አለኝ፤ አልተቆጣም፣ እንዲያውም ያዘነልኝ መሰለኝ። ባሱን ለኪቦርዱ ግራ እጅ ሰጠው። እንዳለውም ለመዱት፤ ከዚያ ወዲያ ባንዱ ውስጥ የባስ ሰው ቦታ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔም ሐረርን ለቅቄ እስክሄድ ድረስ በሰርግ ላይ አንድም ቀን ቆሜ አልተጫወትኩም። የኔ ነገር ይኸው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጊታሩ መጣ። አብዱልማሊክ ከካርቶኑ ሲያወጣው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ አልነካውም ብያለሁ። ጋሽ ደምሴ አንስተው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ትከሻ አነገቱት። ብቻቸውን መኪና ግርግርን ወረዱ። ልብስ ሰፊዎቹ ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ ሲመለሱ ግን እየሳቁ ነበር። ግራ እጃቸውን ለቀቁት፤ ጊታሩ አልሰገደም። ጀርባውን ፈትተው አዩ፤ ባትሪ የለም። ሰክተው በአውራ ጣታቸው አንድ ክር መቱና ድምፁ እስኪያልቅ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ።

«ይሄ ነው» አሉ።

ተነሥቼ አየሁት። ክብደቱ መካከለኛ ነው። ከክሩ ሥር ያለው ማግኔቱ አንድ ዓይነት፣ መቆጣጠሪያው አንድ ዓይነት፤ የቀለም ነገር ካልሆነ በቀር ማክሰኞ ትተነው ከሄድነው ቡናማ ጊታር ምንም አይለይም። ያም እዚያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያየናል።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ያው ያኛው ነው እኮ!»

«አይደለም» አሉኝ፤ በእርጋታ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዱ። «ያ የተገኘ ነው። ይሄ የተመረጠ ነው።»

ከፈልኩ። ምን አደርጋለሁ፣ ከፈልኩ እንጂ። ከሱቁ ወጥተን ወደ ቤቴ ስንሄድ አንድ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ የሰለሞን ባንድ ይጫወታል። እልልታው መንገዱን ሞልቶታል። ከሁሉ በታች የኪቦርዱ ባስ ዱብ ዱብ ይላል፤ ባስ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ያ የኔ ሰርግ ነበር፤ ዛሬ እዚያ ውስጥ መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እንባዬ መጣ፤ በንዴት ይሁን በሐዘን እኔም አለየሁትም።

ጋሽ ደምሴ ቆሜ መቅረቴን እንኳ አላዩም። ጊታሩን እንዳነገቱ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። የጊታሩ ራስ የድንጋዩን ግንብ እንዳይነካው ጠባቡ ላይ ሲደርሱ ጎናቸውን ያዞራሉ። የሚያውቃቸው ሁሉ ያስቆማቸዋል፤ «ጋሽ ደምሴ፣ ገዛችሁ?» ይላቸዋል።

«መረጥኩ!» ይላሉ።

ሮጬ ደረስኩባቸው። ትከሻቸው ወርዷል፣ ላብ በግንባራቸው ይንቆረቆራል። ልያዘው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። ደግሜ ጠየቅኳቸው፤ እስከ ቤቴ በር ድረስ አልሰጡኝም።